«ይሰፋል» ከማለታችን በፊት

ጠዋት ፊዚክስ ተምሮ ከሰዓት በኋላ መድረሳ የሚገባ ልጅ በቤታችሁ ካለ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ «ጽንፈ ዓለም እየሰፋ ነው ይባላል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሳይጠይቃችሁ አይቀርም።

ጥያቄው በየቤቱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱን መልስ ሲያገኝ እንሰማለን። አንዳንዱ ወላጅ «ተወው ልጄ፣ የፈረንጅ ወሬ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «ይህማ በቁርኣናችን ከ1400 ዓመት በፊት ያለቀ ጉዳይ ነው» ብሎ በኩራት ይመልሳል። ሁለቱ መልሶች ላይ ላዩን ሲታዩ ተቃራኒ ይምሰሉ እንጂ በልጁ ላይ የሚያደርሱት ነገር አንድ ነው። ልጁ ማወቅ የፈለገው ሰዎች ይህን የሚያህል ነገር ከምድር ሳይነሱ እንዴት ሊደርሱበት ቻሉ የሚለውን ነበር። ሁለቱም መልሶች እዚያ ሳያደርሱት በሩን ይዘጉበታል።

እኛ በመድረሳውም በመንግሥት ትምህርት ቤቱም ወንበር ላይ ተቀምጠን የተማርን፣ ዛሬም በሁለቱም በኩል ልጆች የምናስተምር በመሆናችን ጥያቄው ከሁለቱም አቅጣጫ ይመጣብናል። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ ይህንን ትምህርት ለተማሪዎቻችን እንዴት እንደምናቀርበውና ስለ ምን እንዲያ እንደምናደርግ እናወጋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትንሿ ጉም

ትምህርቱን የምንጀምረው ከአሜሪካ ሳይሆን ከኢስፋሃን ነው። አብዱረሕማን አስ-ሱፊ የተባለው የፋርስ ምድር ሊቅ በ964 ዓ.ም. አካባቢ ባዘጋጀው የቋሚ ከዋክብት መጽሐፉ፣ ዛሬ አንድሮሜዳ በምንለው የከዋክብት ስብስብ ዘንድ አንዲት ትንሽ ጉም መኖሯን መዝግቧል። ያለ ቴሌስኮፕ፣ በዓይኑ ብቻ አይቶ ነው። ይህችን ጉም ተማሪዎቻችን እንዲያስታውሷት አደራ እንላቸዋለን፤ ምክንያቱም ታሪኩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ እርሷ ላይ ነው የሚመጣው።

ከአስ-ሱፊ በኋላ ወደ 1000 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የጉሟን ምንነት ማንም በእርግጠኝነት ሊናገር አልቻለም። ቴሌስኮፕ ከተሠራ በኋላ መሰሎቿ በብዛት ተገኙ፤ አንዳንዶቹም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠማዘዙ ሆነው ታዩ። በ1920 በዋሽንግተን ከተማ ሃርሎ ሻፕሌይና ሂበር ከርቲስ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች በዚሁ ጉዳይ ፊት ለፊት ተከራከሩ። ሻፕሌይ ጉሞቹ የእኛው ሚልኪ ዌይ አካልና ጎረቤት ናቸው ሲል፣ ከርቲስ ደግሞ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ የከዋክብት ዓለማት ናቸው አለ። ክርክሩ በዚያን ዕለት አልተቋጨም። በንግግር ሊቋጭም አይችልም ነበር፤ የጎደለው ርቀቱን የሚለካ ሰው ነበርና።

እዚህ ላይ ቆም እንልና ተማሪዎቹን «አንድን የማትደርሱበትን ነገር ርቀት እንዴት ትለካላችሁ?» ብለን እንጠይቃለን። አብዛኛውን ጊዜ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ሁለት እኩል ባለ 40 ሻማ አምፖሎች እናበራለን፤ አንዱን በ2 ሜትር፣ ሌላውን በ4 ሜትር ርቀት። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰን ብርሃን ግማሽ ሳይሆን ሩብ ብቻ እንደሚሆን በወረቀት ላይ እያሰላን እናሳያቸዋለን። አምፖሉ ባለ 40 መሆኑን አስቀድሞ ያወቀ ሰው፣ የደበዘዘበትን መጠን አይቶ ርቀቱን ያሰላል። እንግዲህ የሰማይ ጉዳይም ይኸው ነው። ኮከቡ ባለ ስንት ሻማ እንደሆነ የሚነግረን ብናገኝ ርቀቱ በእጃችን ገባ ማለት ነው።

ይህን የነገረችን ሄንሪየታ ሊቪት የምትባል ሴት ናት። በሃርቫርድ ኮሌጅ የሰማይ ምርምር ጣቢያ የፎቶግራፍ መስታወቶችን እየመረመሩ ኮከብ ከሚቆጥሩ ሴቶች አንዷ ስትሆን፣ የምትሠራውም በሰዓት 30 ሳንቲም እየተከፈላት ነበር። የመስማት ችግርም ነበረባት። ሊቪት ትንሹ የማጄላን ደመና በሚባለው የከዋክብት ክምችት ውስጥ በየጊዜው የሚደምቁና የሚደበዝዙ፣ ሴፌይድ የሚባሉ ከዋክብትን ስትመረምር ድምቀታቸው የበለጠው ዑደታቸውም የረዘመ መሆኑን አስተዋለች። በ1912 የወጣው ጽሑፍ የ25 ከዋክብትን ልኬት ይዟል። ነገሩን ከሩቅ ተራራ ላይ በሌሊት ከሚታይ መንደር ጋር እናመሳስለዋለን። ከእኛ ሲታይ የመንደሩ ቤቶች ሁሉ ርቀታቸው አንድ ያህል ስለሆነ፣ ደምቆ የታየው መብራት በእርግጥም ትልቅ መብራት ነው። ሊቪትም ኮከቦቿ ሁሉ በአንድ መንደር ውስጥ በመሆናቸው ማወዳደር ቻለች። ከዚያ ወዲያ አንድ ሴፌይድ በስንት ቀን እንደሚደምቅና እንደሚደበዝዝ የቆጠረ ሰው ኮከቡ ባለ ስንት ሻማ እንደሆነ ማወቅ የሚችልበት መንገድ ተከፈተ።

ሴቶች ልጆቻችን ሊቪትን ሲሰሙ ቀና ብለው እንደሚቀመጡ ሳንጠቅስ ማለፍ አንፈልግም።

ቀሪው የኤድዊን ሐብል ሥራ ነበር። በጥቅምት 1923 በካሊፎርኒያው ማውንት ዊልሰን ተራራ፣ መስታወቱ 2.5 ሜትር በሆነውና በጊዜው ከዓለም አንደኛ በነበረው ቴሌስኮፕ የአስ-ሱፊን ጉም ፎቶግራፍ አነሳ። በመስታወቱ ላይ አዲስ ኮከብ መስሎት «ኤን» የሚል ፊደል ጽፎ ነበር። ከቀድሞዎቹ ፎቶግራፎች ጋር ሲያስተያየው ግን ኮከቡ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ዓይነት ሆኖ አገኘው። ፊደሉን ሰርዞ ተለዋዋጭ መሆኑን የሚያመለክት ቃል በቃለ አጋኖ ጻፈበት። ኮከቡ ሴፌይድ ነበር። በሊቪት መንገድ ሲሰላ ርቀቱ ወደ 900,000 የብርሃን ዓመት መጣ። ይህም ከሚልኪ ዌይ ወሰን እጅግ የራቀ ነው። ውጤቱ በጥር 1 ቀን 1925 በሳይንቲስቶች ጉባዔ ላይ ሲነበብ ያ ሁሉ ክርክር አከተመ። ትንሿ ጉም ራሷን የቻለች ጋላክሲ ነበረች።

በቅሎ ነጂው

እስካሁን የተነጋገርነው ስለ ርቀት ነው። መስፋቱን ለማወቅ ደግሞ ፍጥነት ያስፈልጋል።

ለዚህ ትምህርት አሮጌ ሲዲ ይዘን ወደ ግቢ እንወጣለን። የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት የቀስተ ደመና ቀለሞች ይበተናሉ። በረቀቀ መሣሪያ የታየ እንደሆነ በእነዚህ ቀለሞች መካከል ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይገኛሉ፤ ሃይድሮጅን የራሱ፣ ካልሲየምም የራሱ የመስመር አቀማመጥ አለው፤ እንደ ጣት አሻራ ማለት ነው። ብርሃን ሰጪው አካል ወደ እኛ ከመጣ መስመሮቹ ወደ ሰማያዊው፣ ከራቀ ወደ ቀዩ ወገን ይሸጋሸጋሉ። ተማሪዎች ይህን ቶሎ የሚይዙት በከባድ መኪና ክላክስ ነው። መኪናው እየቀረበ ሳለ ድምፁ ቀጠን ይላል፤ አልፎን ሲሄድ ደግሞ ይጎረናል።

ቬስቶ ስላይፈር በአሪዞና ፍላግስታፍ በሚገኘው የሎዌል ጣቢያ የነዚያን ጉሞች ብርሃን እየበተነ ፎቶግራፍ የማንሳቱን አድካሚ ሥራ የጀመረ ሰው ነው። ብርሃናቸው ደካማ ስለሆነ አንዱን ፎቶግራፍ ለማግኘት ተከታታይ ሌሊቶችን መጋለጥ ነበረበት። በ1912 መጀመሪያ የለካት ያችኑ አንድሮሜዳን ሲሆን በሰከንድ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ወደ እኛ እየመጣች መሆኗን አገኘ። ሌሎቹን ሲለካ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በ1917 የ25 ጉሞችን ልኬት ሲያቀርብ አብዛኞቹ እየራቁን ነበር። ስለምን? ስላይፈር ርቀታቸውን ስለማያውቅ መልስ አልነበረውም።

አሁን ተማሪዎቻችን ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ሰው ይመጣል። ሚልተን ሁማሰን ትምህርቱን በ14 ዓመቱ ያቋረጠ፣ የማውንት ዊልሰን ጣቢያ ሲሠራ ዕቃ በበቅሎ ጭኖ ወደ ተራራው የሚያመላልስ ወጣት ነበር። በኋላ በጣቢያው የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ከዚያ የሌሊት ረዳት፣ ከዚያም የሐብል የሥራ ባልደረባ እስከ መሆን ደረሰ። በጣም የራቁትን ጋላክሲዎች ብርሃን እየበተነ ፍጥነታቸውን የለካ እርሱ ነው። ብርዳማ ሌሊት ሙሉ ከቴሌስኮፑ ጋር ተፋጦ ብርሃኑ ከቦታው እንዳይነቃነቅ መጠበቅ ዲግሪ ሳይሆን ሰብር ይፈልጋል።

በ1929 ሐብል ርቀታቸው የታወቀ 24 ጋላክሲዎችን፣ በአብዛኛው በስላይፈር የተለካውን ፍጥነታቸውን ይዞ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠ። የራቀው ጋላክሲ በበለጠ ፍጥነት ሲሸሽ ታየ። ነጥቦቹ የተበታተኑ ነበሩ፤ ዛሬ አንድ ተማሪ እንዲያ ያለ ግራፍ ቢያመጣልን «እርግጠኛ ነህ?» ሳንለው አንቀርም። በ1931 ግን ሐብልና ሁማሰን እጅግ የራቁትን ጨምረው ሲያወጡ መስመሩ ጠራ። እኛም ተማሪዎቹን ግራፉን በእጃቸው እንዲሠሩት እናደርጋለን። በቪርጎ ያለው የጋላክሲዎች መንጋ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ በሰከንድ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ኮማ የሚባለው ወደ 320 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ሲሆን ፍጥነቱ በሰከንድ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ርቀቱ ስድስት እጥፍ፣ ፍጥነቱም ስድስት እጥፍ ግድም። ይህን ራሱ አካፍሎ ያገኘ ልጅ ፊቱ ሲበራ ማየት ነው የመምህርነት ደመወዛችን።

ወዲያው አንድ ብልህ ልጅ «ሁሉም ከእኛ የሚሸሹ ከሆነ እኛ መሐል ላይ ነን ማለት ነው?» ይላል። ለዚህ መልሱ በልብስ ሰፊ ሱቅ ይገኛል። ለሱሪ ወገብ የሚገባውን ላስቲክ ቆርጠን በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ነጥብ አድርገንበት ሁለት ልጆች እጥፍ እስኪሆን ይስቡታል። ከአንዱ ነጥብ ሆነን ስናይ ጎረቤቱ ከ2 ወደ 4 ሳንቲ ሜትር ሄደ፤ በ2 ራቀ። አምስተኛው ነጥብ ከ10 ወደ 20 ሄደ፤ በዚያው ጊዜ በ10 ራቀ። ቤታችንን ወደ ሌላ ነጥብ ብናዛውረው የምናየው ያንኑ ነው። መሐል የሚባል የለም፤ የተሳበው ላስቲኩ ራሱ ነው። የጋላክሲዎቹ ብርሃን ወደ ቀይ የሚሸጋሸገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በመንገድ ላይ ሳለ ስፍራው ሲለጠጥ ሞገዱም አብሮት ይለጠጣል። የክላክሱ ምሳሌ ለመግቢያ ያህል ነው እንጂ እስከዚህ አያደርስም።

እናቷ ልብስ የምትሰፋ አንዲት ተማሪያችን «የቀለም ነጥቡ አብሮ ይለጠጣል፤ ቁልፍ ብንሰፋበት አይሻልም?» አለችን። በእርግጥም ይሻላል። ጋላክሲዎችን፣ ምድርንም ሆነ እኛን የስበት ኃይልና ሌሎች ኃይሎች አጥብቀው ስለያዙን አንለጠጥም፤ የሚሰፋው በቁልፎቹ መካከል ያለው ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍላችን ባለ ቁልፍ ላስቲክ ነው የሚጠቀመው።

«በአላህ ቃል ላይ ዜሮ ይሰጣል?»

ከዕለታት አንድ ቀን በፈተና ላይ «ጽንፈ ዓለም እየሰፋ መሆኑ እንዴት ታወቀ?» የሚል ጥያቄ አወጣን። ጎበዝ ከምንላቸው ልጆች አንዱ፣ ቁርኣንም በልቡ የያዘ፣ የሱረቱ ዛሪያትን 47ኛ አያ ቁጥር ጽፎ «ስለዚህ ከ1400 ዓመት በፊት ታውቋል» ብሎ ወረቀቱን አስረከበ። ሌላ ቃል የለውም። እኛም ዜሮ ሰጠነው።

በማግስቱ አባትየው መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ኡስታዝ» አሉ ወረቀቱን ዘርግተው፣ «በአላህ ቃል ላይ ዜሮ ይሰጣል?»

«ሐጂ፣ ዜሮው የተሰጠው ለአያው አይደለም፤ አዑዙ ቢላህ! ጥያቄው እንዴት ታወቀ የሚል ነበር፤ ልጁ ግን እንዴት እንደታወቀ አልነገረንም» አልናቸው።

«ያመነውን ጻፈ፤ በዚህ ይቀጣል?»

ነገሩ በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልነበረ ሻይ አስመጥተን ተቀመጥን። ቀደምት ሙፈሲሮች በዚያ አያ መጨረሻ ያለውን ቃል የችሎታና የአቅም ባለቤትነት፣ ሰማይን ሰፊ አድርጎ መገንባት፣ ለፍጡራን ሲሳይን ማስፋት በሚሉ መንገዶች እንደፈቱት አነሳን። ሐጂም ይህን ከእኛ በተሻለ ያውቁት ነበር። አያውን ሲቀራ ያደገው አስ-ሱፊም ጉሟን በዓይኑ አይቶ መዘገባት እንጂ ርቀቷን አልለካም፤ መለኪያው በእጁ አልነበረማ። ዛሬ አንዳንዶቻችን ቃሉን ከጋላክሲዎች መራራቅ ጋር እናገናኘዋለን። ይህን ያለ ሰው አጠፋ አላልንም። ነገር ግን የሰዎች ልኬት እየታረመ የሚሄድ ነገር ነው።

ምሳሌውንም ጨመርንላቸው። ሐብል በ1929 ያወጣው የመስፋት መጠን በየ3.26 ሚሊዮን የብርሃን ዓመቱ በሰከንድ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ሲሰላ የጽንፈ ዓለም ዕድሜ 2 ቢሊዮን ዓመት ግድም ይመጣል። የምድር ድንጋዮች ግን በራዲዮአክቲቭ መለኪያ ሲመረመሩ ከዚያ የሚበልጡ ሆነው ተገኙ። ልጅ ከእናቱ በዕድሜ ሊበልጥ! ዋልተር ባደ የተባለው ተመራማሪ በጦርነቱ ጊዜ የሎስ አንጀለስ ከተማ መብራቷን ስታጠፋ በተገኘው ጨለማ ተጠቅሞ አንድሮሜዳን አጠና፤ ሴፌይዶች ሁለት ዓይነት መሆናቸውንም በ1952 አስታወቀ። የተደባለቁት ሲለዩ ርቀቱ ሁሉ እጥፍ ሆነ። ዛሬ ቁጥሩ 70 አካባቢ፣ ዕድሜውም 13.8 ቢሊዮን ዓመት ነው። በ1930 አንድ ሰው አያውን ከ2 ቢሊዮን ዓመት ጋር አስሮ አስተምሮ ቢሆን ኖሮ በ1952 ለተማሪዎቹ ምን ይላቸዋል? አያው አይነቃነቅም፤ ልጁ ግን ሊነቃነቅ ይችላል። ፍርሃታችን ለልጁ ነው።

ደግሞም ይህ ፈተና የእኛ ብቻ አይደለም። መስፋቱን ከሐብል ሁለት ዓመት ቀድሞ በ1927 ከአንስታይን ቀመሮች አውጥቶ ከልኬት ጋር ያገናኘው ዦርዥ ለሜትር የቤልጅየም ካቶሊካዊ ቄስ ነበር። (ከእርሱም በፊት ሩሲያዊው ፍሪድማን በ1922 ሊሰፋ የሚችል ጽንፈ ዓለምን በሒሳብ አሳይቷል። አንስታይን ራሱ መጀመሪያ ላይ አልተቀበላቸውም፤ ጽንፈ ዓለም ባለበት የሚቆም መስሎት በ1917 በቀመሩ ላይ ማገጃ ጨምሮ ነበርና።) በ1951 የሮማው ጳጳስ ፒዩስ 12ኛ አዲሶቹን ግኝቶች ከፍጥረት መጀመሪያ ጋር አያይዘው ሲናገሩ ለሜትር በቤተ ክርስቲያኑ ሹም ንግግር አልተደሰተም። ሃይማኖቱን የያዘ ሰው ነው፤ ሆኖም ነገ ሊታረም የሚችል የሳይንስ ሐሳብ የእምነት ምሰሶ እንዲሆን አልፈለገም። ሐጂ እዚህ ላይ ፈገግ አሉ። «ቄሱ ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ሆነ ልትለኝ ነው?» አሉ።

«እንደዚያ አላልንም።»

«ብለሃል» አሉና ሳቁ። ሲወጡ ግን ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው እየከተቱ፣ «እኔ አሁንም ግማሽ ማርክ ይገባዋል ባይ ነኝ» አሉን። ማርኩ አልተለወጠም። ልጁ በቀጣዩ ሳምንት የበቅሎ ነጂውን ታሪክ ለክፍሉ እንዲተርክ ጠየቅነው፤ ከእኛ አሳምሮ ተረከው።

በ1998 ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች የሚፈነዱ ከዋክብትን ለክተው መስፋቱ ራሱ እየፈጠነ መሆኑን አገኙ፤ ለዚህም ሥራ ሦስት ሰዎች በ2011 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የሚያፈጥነውን ነገር «ጥቁር ኃይል» ብለው ስም ሰጡት እንጂ ምንነቱን ገና አልደረሱበትም። በ2018 ደግሞ የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አባላት ድምፅ ሰጥተው የሐብል ሕግ የሐብልና የለሜትር ሕግ እንዲባል ወሰኑ። የመስፋቱን መጠን በአንድ መንገድ የሚለኩት 67፣ በሌላው የሚለኩት 73 አካባቢ ያገኛሉ፤ ልዩነቱ እስከ ዛሬ አልታረቀም። ተማሪዎች «የትኛው ነው ትክክል?» ሲሉን ሁለቱንም ቁጥር ሰሌዳው ላይ እንጽፍና በመካከላቸው የጥያቄ ምልክት እናደርጋለን።

ወላጆች ሆይ፣ ይህን ትምህርት በቤታችሁ ለመጀመር ገንዘብ አያስፈልግም። የኅዳርን ወር ጠብቁ። የሒጅራው ወር መጨረሻ ወይም መጀመሪያ ላይ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከዒሻ ሶላት በኋላ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ልጆቻችሁን መብራት ወደማይበዛበት ቦታ ውሰዷቸውና ፊታችሁን ወደ ሰሜን አዙሩ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ሩብ ሰዓት ታገሡ። የተሰበረ መስመር የሚመስሉ፣ ካሲዮፒያ የሚባሉ አምስት ደማቅ ኮከቦችን ፈልጉ። ከእነርሱ ከፍ ብላችሁ ስታዩ አስ-ሱፊ የመዘገባትን ትንሽ ጉም ታገኛላችሁ። ብርሃኗ ከተነሳ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል። ልጁ «እርሷም እየሸሸች ነው?» ብሎ ከጠየቃችሁ፣ አይደለም፤ እርሷ በጣም ቅርብ ስለሆነች ስበቱ አሸንፎ ወደ እኛ እየመጣች ነው። ስላይፈር በ1912 መጀመሪያ ያያት እንዲህ እየመጣች ነበር።